ሁለት ቶን ዝቅ

መስከረም 20፣ 2018፣ እንጅባራ

ይህን ደብተር የገዛሁት ኖታ ልጽፍበት ነበር። ባለ አምስት መስመሩ ከከተማው ጠፍቷል፤ ያገኘሁት ተራ የተማሪ ደብተር ነው። እህቴ በስልክ «የሚሰማሽን ጻፊው፣ ይቀልልሻል» እያለች ነዝንዛኛለች። የከበደኝ ነገር የለም ብላት አታምነኝም። እማ ሰኔ ላይ አረፈች። እህቴ እስካሁን ስልክ ላይ ታለቅሳለች፣ እኔ ስልኩን ይዤ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ «በይ አይዞሽ» ብዬ እዘጋለሁ። ሌላ የምለው አይመጣልኝም።

ዛሬ ማሰልጠኛው ተከፈተ። አሥራ አራት የሙዚቃ ተማሪ መጥቷል። ኃላፊያችን ዮናዳብ ሁላችንንም ሰብስቦ ኮምፒውተሩ ላይ ያስጫናቸውን ሁለት ፕሮግራሞች አሳየን። አንዱ ኖታ መጻፊያ ነው። ሌላው አዳማጭ ነው፤ ተማሪው ወረቀቱን እያየ ማይክ ፊት ይጫወታል፣ ሲጨርስ በትክክል የወጣው ድምፅ አረንጓዴ፣ ለጥቂት የሳተው ቢጫ፣ ጨርሶ የተሳተው ቀይ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ከታች ውጤት ከመቶ ይወጣል። እኔ በአንደኛው እጽፋለሁ፣ ሁለተኛው በጻፍሁት ይፈርዳል። የዘንድሮ ሥራዬ ይኸው ነው።

የምናዘጋጃቸው ለሙዚቃ ኮሌጅ ፈተና ነው፤ ኮሌጁ ከእኛ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አምና ሰው መረጠ፣ ከተማው ስድስት ወር ሙሉ ሲያማን ከረመ» አለ ዮናዳብ። «እገሊት የእገሌ ዘመድ ናት፣ እገሌ የእነ እገሌ ጉባኤ አባል ነው። ዘንድሮ ማሽኑ ይመርጣል፤ እኛ እጃችን ንጹሕ ነው።»

አጨበጨብን።

የማሲንቆ መምህሩ ጋሼ ደርበው ኖታ አያነቡም፤ ሠላሳ ዓመት በጆሯቸው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይኼ ዳኛ ምን ይበላል?» አሉኝ። «መብራት» አልኋቸው። «እንግዲያማ ሳምንቱን ሙሉ ጾመኛ ነው» አሉ። በዙሪያችን ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

መስከረም 26

የፈተናውን ዘፈን ጻፍሁ። ጋሼ ደርበው የሰጡን የአጨዳ ዘፈን ነው። ተማሪው እየዘፈነ ራሱን በመሣሪያው ያጅባል፤ ኪቦርድ የያዘ በኪቦርድ፣ ማሲንቆ የያዘ በማሲንቆ። ጋሼ እየደጋገሙ ተጫወቱልኝ፣ እኔ እየሰማሁ ጻፍሁ። ፕሮግራሙ ከመቶ በላይ መሣሪያ ዘርዝሯል፣ ማሲንቆ ግን የለም። «ቫዮሊን» የሚለውን ነካሁና አለፍሁ።

«ከየት ላስነሳው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ የድምፁን ከፍታ ማለቴ ነው።

«ከዘፋኙ ጉሮሮ።»

«ወረቀት ላይ ጉሮሮ አይጻፍም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ካንቺው አስነሺዋ» አሉና ደጋናቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

ከእኔው አስነሳሁት። ቀጭን ድምፅ ነው ያለኝ፤ ጸሎት ቤት ኳየር ውስጥ ላይኛውን ድምፅ የምይዘው እኔ ነበርሁ። እማ ካረፈች ወዲህ አልዘመርሁም። አሥራ አራት ቅጂ አትሜ አደልሁ። ሁሉም በጥንቃቄ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው።

ጥቅምት 3

ከአሥራ አራቱ ማሲንቆ የያዘችው አንዲት ናት፦ ፋና፣ የዳንግላ ልጅ፣ ሃያ ዓመቷ። እዚህ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው የምትማረው። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ዓባይነህ ነው፤ ዳንግላ የእህል መደብር አለው። እሱ ያላትን ዛሬ እንደ ተራ ወሬ ነገረችኝ። «ትምህርት ከሆነ ተማሪ፣ ኮሌጅም ግቢ፣ ከጎንሽ ነኝ። ኮሌጅ ካልሆነ ግን ማሲንቆ ይዛ ግብዣ ለግብዣ የምትዞር እህት የለኝም። መደብሩም ሰው ይፈልጋል» ብሏታል። እሷም እሺ ብላለች። ይህን ቦታ ካላገኘች ማሲንቆው አበቃ ማለት ነው።

ኖታ እንደሷ ቶሎ የገባው ተማሪ አላስተማርሁም። ምቱን በአዊኛ ነው የምትቆጥረው፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እርሳስ ይዛ መስመሩን እየተከተለች የማታውቀውን ዘፈን ታነበዋለች። ሌሎቹ ገና «ይቺ ነጥብ ማን ነበረች?» ላይ ናቸው።

ድምፅዋ ወፍራም ነው። ጋሼ እንዳስተማሯት መጀመሪያ ታንጎራጉራለች፤ ከዚያ መቃኛውን እየጠመዘዘች የማሲንቆዋን ጭራ ወደ ድምፅዋ ታመጣዋለች። ከወረቀቱ የድምፅ ከፍታ ሁለት ቶን ዝቅ ይላል። እንዲያ አድርጋ ዛሬ ማይክ ፊት ተቀመጠች። ስትጀምር ኮሪደር ላይ የነበሩት ወሬያቸውን አቋርጠው በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ቦታ እንኳ አልሳተችም። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። ውጤት 22።

ሁሉም እኩል ነው ዝቅ ያለው፤ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ይለየዋል። ማሽኑ ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ምን አጠፋሁ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

«ማሲንቆሽን ከኪቦርዱ ጋር ቃኚው» አልኋት። ሌላ ተማሪ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ጥቅምት 6

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ከግምጃ ቤት ከተማ የሚመጡት ሁለት ልጆች ቀሩ፣ መኪና አልወጣም ተባለ። ሰሌዳ ላይ አስተማርሁ። ጋሼ «ዳኛው ዛሬም ጾመ» እያሉ ሲስቁ ዋሉ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ጸሎት ቤት ሄድሁ። የኳየራችን መሪ ማናየሽ «መቼ ነው የምትመለሽልን?» አለችኝ። «ሰሞኑን» አልኋት። በሐምሌም «ሰሞኑን» ነበር ያልሁት። ሲዘመር አጠገቤ የቆመችው ሴት አለቀሰች፣ መሀረብ አውጥቼ ሰጠኋት። የእኔ ዓይን ደረቅ ነው። ቤት ገብቼ ድንች ቀቀልሁ። ቁጭ ብዬ ሳየው ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 14

ፋና በኪቦርዱ ቃኝታ ተጫወተች። 54። ከላይ ያሉት ድምፆች ላይ ስትደርስ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፤ ድምፁ ሊወጣ ይልና ይከዳታል። የሚገርመው ማሲንቆው አረንጓዴ ነው፣ የሚቀላው ጉሮሮዋ ነው። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ 51።

«ልምምድ ነው» አልኋት። ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 21

ኢየሩስ ኪቦርድ ትጫወታለች። የዮናዳብ የእህቱ ልጅ ናት። ጥሩ ልጅ መሆኗን መጻፍ አለብኝ፤ ትሑት ናት፣ ሰዓት ታከብራለች። ሰሞኑን ጉንፋን ጠንቶባታል።

ዮናዳብ በረንዳው ላይ አስቆመኝ። «ሶሲ፣ ልጅቷ ድምፅዋ ተዘግቷል። ወረቀቱን ትንሽ ዝቅ ብታደርጊላትስ?»

«አንድ ወረቀት ለሁሉም አላልህም እንዴ?»

«ዘፈኑ ያው አይደል? አንዲት ነጥብ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። ማውረድ ብቻ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ዘፈኑ ያው ነው። ገብቼ ሁሉንም መረጥሁና ሁለት ቶን አወረድሁት። ወደ አዳማጩ ላክሁት፣ በስሟ ገባ፣ አዲሱን ወረቀት አትሜ ሰጠኋት። ስጨርስ ሻዬ ገና ትኩስ ነበር።

ዝቅ ቢልላቸው የሚሻላቸው ሌሎችም ይኖራሉ። አሁን አሥራ ሦስቱንም እየዞረ የሚጠይቅ ማን ነው? ደክሞኛል። ቀን ተኝቼ ስነሣም ደክሞኛል።

ጥቅምት 24

ጋሼ ደርበው ክፍሌ ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፣ «ይቀመጡ» ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሶስና ልጄ፣ የፋና ነገር ነው። ጉሮሮዋን እየጎዳችው ነው። ትናንት መናገር አቅቷት በእጇ ነው ደኅና እደሩ ያለችኝ። እኔ ይህን ዕቃ አላውቀውም፣ ስለማላውቅ ነው የምጠይቅሽ። ወረቀቱን ለሷ ዝቅ ማድረግ አይቻልም ወይ?»

«አይቻልም፣ ጋሼ።»

«ምንም መላ የለው?»

«ማሽኑ ነው።»

«እሺ ልጄ። አይቻልም ካልሽ አይቻልም። እንደዚያው እነግራታለሁ።» ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

አይቻልም ያልሁት በአሁኑ ሁኔታ ማለቴ ነው። ፈተናው ሊደርስ ሲል ወረቀት መለዋወጥ ተማሪን ያደናግራል። የኢየሩስ የሕመም ጉዳይ ነው። ደግሞ ዮናዳብን ሳልጠይቅ በገዛ ሥልጣኔ እንዴት አደርገዋለሁ? ነገ እጠይቀዋለሁ። ከጠየቅሁት በኋላ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ የዛሬው እንደ ውሸት አይቆጠርም።

ጥቅምት 25

ዮናዳብ የለም፤ ጥሊሊ ሄዷል።

ጥቅምት 28

ዮናዳብ ተመልሷል። ሥራ በዛ። አላነሣሁትም።

ኅዳር 2

አዳማጩ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ልምምድ ቅጂ በቀንና በሰዓት ያስቀምጣል። የፋና ቅጂዎች ዛሬ አርባ አንድ ደረሱ። የዛሬ ውጤቷ 57፣ 55፣ 60፣ 58፣ 58። ከዚያ ጭራው ያለ ልኩ ተወጥሮ ነበርና ተበጠሰ፤ ጉንጯን ገረፋት። እኔ ክው አልሁ፣ እሷ ሳቀች። ጋሼ ገበያ ወርደው ከአንድ ባለ ፈረስ ጭራ ለምነው አመጡላት። «ባለ ፈረሱ ‹ለማሲንቆ ከሆነ ውሰዱ፣ ለዝንብ መከላከያ ከሆነ ግን አልሰጥም› አለኝ» አሉ። አብረው ሲያስሩ ሲያጠብቁ አየኋቸው።

«ለዛሬ ይበቃሻል» አልኋት።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቲቸር» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። እኔ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማኋት። እዚያው ላይ ስትደርስ እንደገና ከዳት።

እህቴ ደውላ ነበር። አላነሣሁም።

ኅዳር 12

የፈተና ቀን። ቀኑን ስንቆርጥ ማናችንም አላሰብነውም፤ ዛሬ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። ከተማው በጭስ ታፈነ። መስኮት ዘጋን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንን፣ ጭሱ ግን ገባ። ሁሉም እያሳለ ተፈተነ።

ኢየሩስ ሦስተኛ ገባች። ጉንፋኗ ከለቀቃት ሳምንት ሆኗታል፤ ወረቀቱ እንዳለ ዝቅ ብሎ ቀረ። ረጋ ብላ፣ ሳትጣደፍ ዘፈነች።

ፋና አሥራ ሁለተኛ ነበረች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ማሲንቆዋን ከኪቦርዱ ጋር ቃኘች፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጠች፣ ወደ እኔ አየች፣ «ጀምሪ» አልኋት። የመጀመሪያውን ቤት በደኅና ተወጣችው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ሄደ። አላቆመችም፤ አፏ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳይወጣ፣ ማሲንቆው ብቻውን እስከ መጨረሻው ሄደ።

ጋሼ ደርበው ወጥተው ግቢው ውስጥ ቆሙ። በመስኮቱ ጀርባቸውን አየሁ።

ጭሱ ነው።

ኅዳር 13

ኢየሩስ 92። ከሷ ቀጥሎ 79፣ 74። ፋና 49፣ ዘጠነኛ። ዮናዳብ ዝርዝሩን ፈርሞ ለኮሌጁ ላከ፣ እኔም ከሥሩ ፈረምሁ። «ዘንድሮ ማንም አፉን አይከፍትም» አለኝ፣ ደስ ብሎታል። ኢየሩስ ፋናን አቅፋ አለቀሰች። ፋና «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለች ጀርባዋን ትመታታለች።

ጭሱ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ይሻል ነበር። ሆኖም ጭሱ ለሁሉም እኩል ነው።

ኅዳር 17

ፋና ልትሰናበተኝ መጣች። ሻንጣዋ በር ላይ ነበር። ማሲንቆዋን ለጋሼ ልትተወው ፈልጋ እምቢ ብለዋታል፣ በነጠላ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«አመሰግናለሁ ቲቸር። ማንበብ ስላስተማሩኝ» አለችኝ።

«አይዞሽ» አልኋት። ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሄደች። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የወሩን ሪፖርት ጨረስሁ። ምንም አልተሰማኝም። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

ኅዳር 25

ዮናዳብ ለሚቀጥለው ዙር ቦታ እንዲለቅ የድሮ ቅጂዎችን አጥፊ አለኝ። ተራ በተራ እያጠፋሁ የፋና የመጀመሪያው ላይ ደረስሁ፤ ያ 22 የወጣበት፣ በራሷ ድምፅ ቃኝታ የተጫወተችው። ላጥፋው ብዬ ነካሁትና ከፈትሁት። አዳመጥሁ።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። አውቃለሁ። ያን ቅጂ ከኢየሩስ ወረቀት ጋር አገናኘሁት። አዲስ ነገር መጻፍ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ያወረድሁት ወረቀት እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከጥቅምት 21 ጀምሮ ተቀምጧል። «አስላ» የሚለውን ተጫንሁ።

ከመነሻው እስከ መድረሻው አረንጓዴ። ሁለት ቦታ ብቻ ቢጫ። 97።

ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደገና ከፈትሁ፣ እንደገና አሰላሁት። 97።

ኅዳር 26

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አይቻልም» አልሁ። እኒያን የመሰሉ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው፣ «ስለማላውቅ ነው የምጠይቅሽ» እያሉኝ። ይቻላል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይቻላል። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በዚችው እጄ አድርጌዋለሁ።

ታዲያ ለምን? ፋናን እጠላታለሁ? እወዳታለሁ እንጂ። ኢየሩስን ላስመርጥ አስቤ ነበር? በፍጹም። ዮናዳብም እንደዚያ ያሰበ አይመስለኝም፤ የእህቱ ልጅ ስታስል ሰምቶ አዘነላት፣ አበቃ። እኔ ግን የማንንም ሳል አልሰማሁም። የፋናን ገና በመጀመሪያው ቀን ሰምቼ ለይቼዋለሁ፤ ጽፌዋለሁም፤ ይኸው ጥቅምት 3 ላይ በራሴ እጅ «ሁለት ቶን ዝቅ ይላል» ይላል። አውቄ ተቀመጥሁ። ከወንበር መነሣት ከበደኝ። አንድን ሰው የእናቱ ሞት ሊያደነዝዘው ይችላል፤ ግን ደንዝዤም ለኢየሩስ ተነሥቻለሁ። ለአለቃ ስነሣ አልከበደኝም።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ደብተሩን ልቅደደው አሰብሁ። አልቀደድሁትም።

ታኅሣሥ 2

ለዮናዳብ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አሳየሁት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሶሲ፣ ዝርዝሩ ሄዷል። ኢየሩስ ሰኞ ትገባለች። አሁን ምን እንበል? እጃችን ንጹሕ አልነበረም እንበል?»

«አዎ።»

«ልጅቷ ምን አጠፋች?»

«ምንም። ኢየሩስን አትንኳት፣ ቦታውንም አትቀሟት። ለፋና ሌላ ቦታ ጠይቁ ነው የምለው።»

«ጉንፋን ይዟት ነበር እኮ» አለ፣ ቀስ ብሎ። እንደ እኔው ሰበብ ይፈልጋል፤ እኔ ጭሱን ይዤ ነበር፣ እሱ ጉንፋኑን። በመጨረሻ «በስምሽ ጻፊው፣ በማሰልጠኛው ስም አይደለም» አለኝ።

ታኅሣሥ 6

በስሜ ጻፍሁት። ሁለቱንም ወረቀቶችና ቅጂውን አያይዤ ለኮሌጁ ላክሁ። ከምሳ በኋላ ደወልሁ። አንዲት ሴት አነሣች፤ ጨዋ ናት። «ምዝገባ ተዘግቷል። በሚመጣው ዓመት ታመልክት» አለችኝ። በሚመጣው ዓመት የምትባለው ልጅ መደብር ውስጥ ናት አልኋት። «ይገባኛል፣ እህቴ» አለች። ደብዳቤዬ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

ለጋሼ ደርበው ነገርኋቸው። ሳላስተባብል ነገርኋቸው፣ «ዋሽቼዎታለሁ» ብዬ።

«እኔ ነኝ አይቻልም ብዬ የነገርኋት» አሉ። «በእኔ አፍ ነው የዋሸሽው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«ለእኔ ተይው። ሂጂና ለሷ ንገሪያት፣ በስልክ እንዳታደርጊው» አሉኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ከዳንግላ አሁን ተመለስሁ። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ወርደን ቆምን። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድሁ፤ የዓባይነህን መደብር ባለ ጋሪው ያውቀዋል።

ዓባይነህን በሐሳቤ ሌላ ሰው አድርጌው ነበር። ቀጭን፣ ፈገግታው የማይቆጠብ ሰው ነው። «መምህርቷ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ወንበር በክንዱ ጠርጎ ሰጠኝና ጆንያ ሊያወርድ ወጣ። ፋና ሚዛኑ ጀርባ ቆማ ነበር። ፀጉሯ ላይ የጤፍ አቧራ አለ። ስታየኝ ደስ አላት። መጀመሪያ የወጋኝ ይኸው ደስ ማለቷ ነው።

ሌላ ወሬ አላስቀደምሁም። ያስቀደምሁ እንደሆነ እንደማልናገር አውቀዋለሁ። «ፋና፣ ወረቀቱን ማውረድ ይቻል ነበር» አልኋት። ለኢየሩስ ማውረዴን፣ ለጋሼ መዋሸቴን፣ 97ን፣ ለኮሌጁ መጻፌንና ምን እንደመለሱልኝ ሁሉንም ነገርኋት። ስናገር እጆቿን ሚዛኑ ላይ አድርጋ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የኢየሩስ ዝቅ ብሎ መጻፉን። ስንለማመድ ገጽ የምገልጥላት እኔ ነበርሁ። የእኔ ከአራተኛው መስመር ነው የሚነሣው፣ የእሷ ከሦስተኛው። የሰጧት ዕለት ነው ያየሁት። አብሬያት በእሷ ወረቀት ስዘፍን በጣም ይመቸኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጋሼን ልኬ ጠየቅሁዎት እኮ። ‹አይቻልም ብላለች› አሉኝ።» ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ነገሩን ታስረዳኝ ነበር። «እርስዎ አይቻልም ካሉ ምክንያት አለው አልሁ። ለኪቦርድ የሚፈቀድ፣ ለማሲንቆ የማይፈቀድ ሕግ ይኖራል። ሁለት ወር ኖታ የተማርሁ ሰው ሁሉን ላውቅ አልችልም። ገና ያልደረስሁበት ትምህርት ነው ብዬ ነው።»

አንዲት ሴት ገብተው ሁለት ኪሎ ሽምብራ አሉ። ፋና መዘነች፣ ቋጠረች፣ ሰጠች፣ መርቀዋት ሄዱ። እኔ ወንበሩ ላይ ነበርሁ። አፈርሁ። ፊቴ ተቃጠለ፣ እንባዬ ሳልጠራው መጣ። እሷ ግን የምታየው እኔን አልነበረም፤ አንድ ነገር እያሰላች ነበር።

«ቲቸር፣ አለ ወይ?» አለችኝ።

«ምን?»

«እንዲያ ያለ ሕግ።»

«የለም» አልኋት።

ራሷን ዝቅ፣ ከፍ አደረገች።

«እንግዲያ ትምህርቱን ጨርሼ ነበራ» አለች። ለእኔ አልነበረም ያለችው። ሌላ ደንበኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበርና ወደሱ ዞረች።